አመክንዮና መስተፃምሮቹ

ሰው በየዕለቱ ያስባል፣ ይከራከራል፣ ይፈርዳል። አንድ ነገር እውነት መሆኑን ተመርኵዞ ሌላውም ነገር እውነት ነው ብሎ ይደመድማል። ደመናው ሲጠቁር አይቶ ስጡን ያነሣል፤ ዱካ ተከትሎ የጠፋበትን በሬ ይፈልጋል። ይሁን እንጂ ከአንድ ሐሳብ ወደ ሌላ ሐሳብ የሚደረገው ጉዞ ሁልጊዜ ቀና መንገድ የያዘ አይደለም። አንዳንዱ መደምደሚያ ከተነሣበት ሐሳብ በእርግጥ ይከተላል፤ አንዳንዱ ግን የሚከተል ይመስላል እንጂ አይከተልም። እነዚህን ሁለቱን ለይቶ የሚያሳየው የትምህርት ዘርፍ አመክንዮ ይባላል።

አመክንዮ በፍልስፍናም በሒሳብም ውስጥ ቦታ አለው። በሒሳብ በኩል የመጀመሪያው ክፍል የሚመረምረው ዐረፍተ ነገሮችንና ዐረፍተ ነገሮችን የሚያያይዙትን ጥቂት ቃላት ነው። እነዚህም ቃላት «አይደለም»፣ «እና»፣ «ወይም» እንዲሁም «ከሆነ» ናቸው። ቃላቱ አጫጭሮችና በየሰዓቱ የሚነገሩ ስለ ሆኑ ማንም ሰው በሚገባ የሚያውቃቸው ይመስለዋል። ነገር ግን ውል የሚጸናውም የሚፈርሰውም፣ ፍርድ የሚቀናውም የሚጣመመውም ብዙ ጊዜ በእነዚህ ትንንሽ ቃላት አገባብ ነው።

ሐተታዊ ዐረፍተ ነገር

በሰዋስው ትምህርት እንደሚታወቀው ዐረፍተ ነገር ሐተታዊ፣ ጥያቄያዊ፣ ትእዛዛዊና አጋናኝ ተብሎ ይከፈላል። አመክንዮ ከእነዚህ መካከል የሚመርጠው ሐተታዊውን ብቻ ነው፤ ምክንያቱም እውነት ወይም ሐሰት ሊባል የሚችለው እሱ ስለ ሆነ ነው። «ጣና ሐይቅ በኢትዮጵያ ውስጥ ይገኛል» የሚለው ዐረፍተ ነገር እውነት ነው። «የአዋሽ ወንዝ ቀይ ባሕር ይገባል» የሚለው ደግሞ ሐሰት ነው፤ አዋሽ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ቆላ ከሚገኝ ሐይቅ ገብቶ ይቀራልና። ሁለተኛው ሐሰት መሆኑ ከአመክንዮ አያስወጣውም። በአንጻሩ «ገበያው ሩቅ ነውን?»፣ «በሩን ዝጋ!»፣ «ምነው ዝናቡ ባባራ!» የሚሉት እውነትም ሐሰትም ሊባሉ ስለማይችሉ ከዚህ ትምህርት ውጭ ናቸው።

ዐረፍተ ነገሮቹን በሙሉ ደጋግሞ ላለመጻፍ ሲባል በፊደል መወከል የተለመደ ነው። በዚህ ምንባብ ውስጥ አንደኛው ዐረፍተ ነገር «ሀ»፣ ሁለተኛው «ለ» ተብሎ ይጠራል።

አሉታ

የአንድ ዐረፍተ ነገር አሉታ ዐረፍተ ነገሩ እውነት ሲሆን ሐሰት፣ ሐሰት ሲሆን እውነት የሚሆን ነው። አሉታንና ተቃራኒን ግን ማደባለቅ አይገባም። «ውኃው ሞቃት ነው» ለሚለው አሉታው «ውኃው ሞቃት አይደለም» ነው እንጂ «ውኃው ቀዝቃዛ ነው» አይደለም። ውኃው ለብ ያለ ቢሆን «ሞቃት ነው» እና «ቀዝቃዛ ነው» የሚሉት ሁለቱም ሐሰት ይሆናሉ። አንድ ዐረፍተ ነገርና አሉታው ግን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሐሰት ሊሆኑ አይችሉም። «እገሌ ወዳጄ አይደለም» ያለ ሰው «እገሌ ጠላቴ ነው» እንዳለ አድርጎ መውሰድ ብዙ ጠብ የሚያስነሣ ስሕተት ነው።

«እና»፣ «ወይም»

«ሀ እና ለ» የሚለው ጥምር ዐረፍተ ነገር እውነት የሚሆነው ሁለቱም እውነት ሲሆኑ ብቻ ነው። «ሀ ወይም ለ» የሚለው ግን ከሁለቱ አንዱ እንኳ እውነት ከሆነ እውነት ይሆናል፤ ሁለቱም እውነት ቢሆኑም እንደዚያው ነው። በአንድ በር ላይ «የቀበሌ መታወቂያ ወይም የትምህርት ቤት መታወቂያ የያዘ ሰው ይገባል» ተብሎ ቢጻፍ፣ ሁለቱንም የያዘ ሰው አይከለከልም። በዕለታዊ ንግግር «ወይም» አንዳንድ ጊዜ «አንዱን ብቻ» ለማለት ያገለግላል። በጥያቄ ውስጥ የሚገባው «ወይስ» ደግሞ ምርጫን ይጠይቃል፤ «ሻይ ወይስ ቡና?» ተብሎ የተጠየቀ እንግዳ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል። በሒሳብ ውስጥ ግን «ወይም» ሲባል «ወይም ሁለቱም» የሚለው ትርጉም ሁልጊዜ አብሮት እንዳለ ይቆጠራል።

እነዚህ ሁለት መስተፃምሮች ከአሉታ ጋር ሲገናኙ ጥንቃቄ ያሻል። አንድ አመልካች «ምስክር ወረቀትና ፎቶግራፍ አላቀረበም» ቢባል ምን ማለት ነው? ሁለቱንም አላመጣምን? ወይስ አንዱ ብቻ ጎድሎበታል? የእንግሊዝ ሒሳብ ሊቅ የነበረው ኦገስተስ ደ ሞርጋን በ19ኛው መቶ ዓመት ስሙን ያስጠራባቸው ሁለት ሕጎች ይህን ያብራራሉ። የመጀመሪያው ሕግ «ሀ እና ለ» የሚለውን መካድ «ሀ አይደለም ወይም ለ አይደለም» ማለት ነው ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ሀ ወይም ለ» የሚለውን መካድ «ሀም አይደለም፣ ለም አይደለም» ማለት ነው ይላል። እንግዲህ ሁለት ማስረጃ የሚጠይቅ ደንብ አንዱ ብቻ ቢጎድልም ሳይሟላ ይቀራል፤ ከሁለቱ አንዱን የሚጠይቅ ደንብ ግን ሳይሟላ የሚቀረው ሁለቱም ሲጎድሉ ብቻ ነው።

«ከ…» እና «ካል…»

ከመስተፃምሮች ሁሉ ብዙ ስሕተት የሚፈጸምበት ሁኔታን የሚያመለክተው ነው። በአማርኛ «ከ» ከስም ጋር ሲገባ ስፍራን ወይም ማነጻጸርን ያመለክታል፤ ከኃላፊ ግሥ ጋር ሲገባ ግን ሁኔታን ሊያመለክት ይችላል። «ከቤት መጣ» እና «ከመጣ ይበላል» የሚሉትን ማስተያየት ልዩነቱን ያሳያል። በሁኔታ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የመጀመሪያው ክፍል ቅድመ ሁኔታ፣ ሁለተኛው ክፍል ውጤት ይባላል።

አንድ ነጋዴ «ዝናቡ ዛሬ ካባራ ዕቃውን ዛሬ አመጣለሁ» ብሎ ቃል ቢገባ፣ ቃሉን አፈረሰ የሚባለው መቼ ነው? ሊደርሱ የሚችሉት ሁኔታዎች አራት ናቸው። ዝናቡ አባርቶ ዕቃው ከመጣ ቃሉ ተፈጽሟል። ዝናቡ አባርቶ ዕቃው ካልመጣ ቃሉ ፈርሷል። ዝናቡ ሳያባራ ዕቃው ቢቀር ነጋዴው አይወቀስም። ዝናቡ ሳያባራ ዕቃውን ይዞ ቢመጣስ? ከተናገረው በላይ አደረገ እንጂ ቃሉን አላፈረሰም፤ ዝናቡ ባያባራ ምን እንደሚያደርግ አልተናገረምና። ስለዚህ የሁኔታ ዐረፍተ ነገር ሐሰት የሚሆነው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ቅድመ ሁኔታው እውነት ሆኖ ውጤቱ ሐሰት ሲሆን ነው።

እስከዚህ የተባለው ሁሉ በሚከተለው ሰንጠረዥ ተጠቃሎ ይታያል።

ሀ | ለ | ሀ እና ለ | ሀ ወይም ለ | ሀ ከሆነ ለ
እውነት | እውነት | እውነት | እውነት | እውነት
እውነት | ሐሰት | ሐሰት | እውነት | ሐሰት
ሐሰት | እውነት | ሐሰት | እውነት | እውነት
ሐሰት | ሐሰት | ሐሰት | ሐሰት | እውነት

ይህ የእውነት ሰንጠረዥ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1921 ኤሚል ፖስትና ሉድቪግ ቪትገንሽታይን እያንዳንዳቸው ባሳተሙት ጽሑፍ ከቀረበ ወዲህ በአመክንዮ ትምህርት የተለመደ መሣሪያ ሆኗል። ሁለት ፊደሎች ሲኖሩ ሰንጠረዡ አራት ረድፎች፣ ሦስት ሲኖሩ ስምንት፣ አራት ሲኖሩ ዐሥራ ስድስት ረድፎች ይኖሩታል።

አሁን ሁለት ዐረፍተ ነገሮችን ማነጻጸር ይጠቅማል። አንደኛው «ተማሪው ካጠና ያልፋል» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ተማሪው ካላጠና አያልፍም» የሚል ነው። ብዙ ሰዎች እነዚህን እንደ አንድ ይቆጥሯቸዋል፤ ነገር ግን ሁለቱ የሚሉት የተለያየ ነው። አንደኛው ተስፋ ነው፤ ጥናት ብቻውን ለማለፍ እንደሚበቃ ይናገራል። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ያለ ጥናት ማለፍ እንደማይቻል ይናገራል እንጂ ጥናት ብቻውን እንደሚበቃ አይናገርም። መምህሩ «ካላጠናህ አታልፍም» ያለው ተማሪ አጥንቶ ቢወድቅ «መምህሩ ዋሹኝ» ሊል አይችልም። «ካጠናህ ታልፋለህ» ተብሎ ከሆነ ግን ቅሬታው ተገቢ ነው። ለአንድ ነገር የሚበቃውንና ለአንድ ነገር የግድ የሚያስፈልገውን ለይቶ ማወቅ በውልም ሆነ በመመሪያ ንባብ ትልቅ ጥቅም አለው።

ትክክለኛና የተሳሳቱ መንገዶች

«ሀ ከሆነ ለ ነው» ከሚለው ተነሥቶ ወደ ሌላ ሐሳብ ለመሄድ አራት መንገዶች ይሞከራሉ። ሁለቱ ትክክለኞች ናቸው፤ ሁለቱ የተሳሳቱ ናቸው።

1ኛ. ሀ ከሆነ ለ ነው፤ ሀ ነው፤ ስለዚህ ለ ነው። ይህ ትክክል ነው።
2ኛ. ሀ ከሆነ ለ ነው፤ ለ አይደለም፤ ስለዚህ ሀ አይደለም። ይህም ትክክል ነው።
3ኛ. ሀ ከሆነ ለ ነው፤ ለ ነው፤ ስለዚህ ሀ ነው። ይህ ስሕተት ነው።
4ኛ. ሀ ከሆነ ለ ነው፤ ሀ አይደለም፤ ስለዚህ ለ አይደለም። ይህም ስሕተት ነው።

የሦስተኛው መንገድ ስሕተት ሕይወትን እስከ ማሳጣት ሊያደርስ ይችላል። «አንድ ሰው በወባ ከታመመ ትኩሳት ይኖረዋል» ይባል። ትኩሳት ያለበት ሰው ሲመጣ «ትኩሳት አለው፤ ስለዚህ ወባ ነው» ብሎ መደምደም ከሦስተኛው መንገድ ጋር አንድ ነው። ትኩሳት ግን ከወባ ብቻ አይመጣም፤ ተስቦም፣ ግርሻም፣ የሳንባ ምችም ያተኩሳሉ። ሕመምተኛው የያዘው የሳንባ ምች ሆኖ የወባ መድኃኒት ብቻ ቢሰጠው እውነተኛው በሽታ ሳይታከም ጊዜው ያልፋል። ፈረንሳዊው ሐኪም አልፎንስ ላቬራን እ.ኤ.አ. በ1880 በአልጀሪያ የወባን ተሕዋስ በሕመምተኛ ደም ውስጥ በማይክሮስኮፕ ካየ ወዲህ በሽታውን በግምት ሳይሆን በማስረጃ መለየት የሚቻልበት መንገድ ተከፈተ። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መመሪያ ወባ የተጠረጠረበት ሰው ሁሉ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት በምርመራ እንዲረጋገጥ መክሯል። የዚህ ምክር መሠረት የሕክምና ዕውቀት ቢሆንም ከሥሩ ያለው የአመክንዮ ሕግ ነው፤ ውጤቱ መታየቱ ቅድመ ሁኔታውን አያረጋግጥም።

በዚሁ ምሳሌ ሁለተኛው መንገድ ቢሞከር «ትኩሳት የለውም፤ ስለዚህ በወባ አልተያዘም» የሚል መደምደሚያ ይገኛል። መንገዱ ትክክል ነው። ሆኖም መነሻው ራሱ መመርመር ይኖርበታል። ወባማ በሆነ ቆላ ለብዙ ዘመን የኖሩ አንዳንድ ሰዎች ተሕዋሱ በደማቸው ውስጥ እያለ ትኩሳት ላይሰማቸው ይችላል። እንግዲህ «ወባ የያዘው ሁሉ ያተኩሰዋል» የሚለው መነሻ ሁልጊዜ እውነት ስላልሆነ በትክክለኛ መንገድም ቢሄዱ ሐሰተኛ መደምደሚያ ላይ መድረስ ይቻላል። አመክንዮ የሚጠብቀው መንገዱን ነው፤ መነሻውን የሚጠብቀው ምርመራና ዕውቀት ነው። አንዱ ሌላውን ሊተካ አይችልም።

በፍርድ ነገርም እንዲሁ ነው። በጥንቱ የኢትዮጵያ የሙግት ሥርዓት፣ በተለይም «በላ ልበልሃ» ተብሎ በሚታወቀው፣ ተሟጋቾች በዳኛ ፊት ቆመው በቃል ጥበብ ይፋለሙ ነበር፤ አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሰውም ይደነቅ ነበር። ነገር ግን የንግግር ውበትና የሐሳብ ቅንነት ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ከሳሽ ተነሥቶ «ይህ ሰው በሬዬን የሰረቀ ከሆነ በዚያች ሌሊት ከቤቱ ወጥቷል፤ መውጣቱንም ምስክሮች አይተዋል፤ ስለዚህ ሌባው እሱ ነው» ቢል ንግግሩ የሰላ ይመስላል። ሆኖም ሰው በሌሊት ከቤቱ የሚወጣበት ምክንያት ብዙ ነው፤ የታመመ ጎረቤት ለመጠየቅ፣ ወደ ቤተ ጸሎት ለመሄድ ወይም ከብቱን ለማየት ሊወጣ ይችላል። ተከሳሹ በዚያች ሌሊት ከቤቱ አለመውጣቱ ቢረጋገጥ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ በከሳሹ በራሱ መነሻ በሬውን አለመስረቁ ይረጋገጣል። ስለዚህ አንድ ዓይነት መነሻ ንጹሑን ነፃ ለማውጣት ሲበቃ ጥፋተኛውን ለመለየት ላይበቃ ይችላል። ይህን የማያውቅ ዳኛ በቅን ልቡና ንጹሑን ሊቀጣ ይችላል።

የአራት ካርዶች ጥያቄ

ይህ ስሕተት የጥቂት ሰዎች ብቻ እንዳልሆነ እንግሊዛዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ፒተር ዋሰን እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ጽሑፍ አሳይቷል። የፈተናው ዓይነት በአማርኛ ፊደል ሲቀርብ የሚከተለውን ይመስላል። በጠረጴዛ ላይ አራት ካርዶች አሉ። እያንዳንዱ ካርድ በአንድ ፊቱ ፊደል፣ በሌላው ፊቱ ቁጥር ተጽፎበታል። የሚታዩት ፊቶች «ሀ»፣ «መ»፣ «4» እና «7» ናቸው። ደንቡ «በካርዱ አንድ ፊት ሀ ካለ በሌላው ፊት 4 አለ» ይላል። ደንቡ እውነት መሆኑን ለማወቅ የግድ መገልበጥ ያለባቸው የትኞቹ ካርዶች ናቸው?

አብዛኞቹ ሰዎች «ሀ» ወይም «ሀ እና 4» ብለው ይመልሳሉ። ትክክለኛው መልስ ግን «ሀ እና 7» ነው። ደንቡ የሚፈርሰው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ሀ ኖሮ 4 ሳይኖር ሲቀር ነው። ከ«ሀ» በስተጀርባ 4 ያልሆነ ቁጥር ሊኖር ይችላል፤ ከ«7» በስተጀርባም ሀ ሊኖር ይችላል። ከ«4» በስተጀርባ ግን ማናቸውም ፊደል ቢኖር ደንቡ አይነካም፤ 4 ካለ ሀ መኖር አለበት አልተባለምና። «መ»ንም በሚመለከት ደንቡ የሚለው ነገር የለም። ሰው የሚያምንበትን የሚደግፈውን ማስረጃ መፈለግ ይቀናዋል፤ የሚያፈርሰውን ግን አይፈልግም። አመክንዮ የሚያስተምረው ሁለተኛውንም መፈለግ እንደሚገባ ነው።

አመክንዮ ከጥንት እስከ ዛሬ

ስለ አመክንዮ በሥርዓት የጻፈው የግሪኩ ፈላስፋ አሪስጣጣሊስ (384–322 ቅ.ል.ክ.) ነበር። ከእሱ በኋላ በሦስተኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ክሪሲጶስና የስቶይክ ፈላስፎች ዐረፍተ ነገሮች በ«ከሆነ»፣ በ«እና»፣ በ«ወይም» ሲያያዙ የሚሆነውን መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ1847 እና በ1854 ጆርጅ ቡል የተባለው እንግሊዛዊ ባሳተማቸው መጻሕፍት አመክንዮን እንደ አልጀብራ በምልክት ማስላት እንደሚቻል አሳየ። ይህ ሥራ ለብዙ ዘመን ከፈላስፎችና ከሒሳብ ሊቃውንት ክበብ ሳይወጣ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1937 ግን ክሎድ ሻነን የተባለ ወጣት አሜሪካዊ በማስትሬት ዲግሪ ጽሑፉ የኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያዎች ለዚሁ ስሌት እንደሚገዙ አስረዳ። ሁለት ማብሪያዎች በአንድ መስመር ተከታትለው ቢገጠሙ መብራቱ የሚበራው ሁለቱም ሲከፈቱ ነው፤ ይህ «እና» ነው። ጎን ለጎን በሁለት መስመር ቢገጠሙ አንዱ ብቻ ሲከፈትም ይበራል፤ ይህ «ወይም» ነው። ዛሬ በኮምፒዩተርና በእጅ ስልክ ውስጥ የሚከናወነው ስሌት የተመሠረተው በዚሁ ቀላል ሐሳብ ላይ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። ከተባለው ያልተባለውን መለየት የማሰብ የመጀመሪያ ደረጃ ነው። «ሀ ከሆነ ለ ነው» የሚለውን የሰማ ሰው «ለ ከሆነ ሀ ነው» የሚል እንዳልሰማ ማስታወስ አለበት። ይህን የሚያስታውስ አንባቢ ውል ሲፈርም፣ ዜና ሲሰማ፣ በባልንጀራው ላይ ሲፈርድ አይቸኩልም።

መልመጃ

ሀ. በምንባቡ መሠረት ለሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ስጡ።
1. አመክንዮ ጥያቄያዊና ትእዛዛዊ ዐረፍተ ነገሮችን የማይመረምረው ለምንድን ነው?
2. በአሉታና በተቃራኒ መካከል ያለውን ልዩነት ከምንባቡ ውጭ በሆነ ምሳሌ አስረዱ።
3. «መንገዱ ትክክል ሆኖ መደምደሚያው ሐሰት ሊሆን ይችላል» የሚለው እንዴት እንደሚሆን ግለጹ።

ለ. የሚከተሉት መደምደሚያዎች ትክክል ወይም ስሕተት መሆናቸውን፣ ከአራቱ መንገዶችም የትኛውን እንደያዙ ተናገሩ።
1. ጎርፍ ከመጣ ድልድዩ ይዘጋል። ድልድዩ ተዘግቷል። ስለዚህ ጎርፍ መጥቷል።
2. ደወሉ ከተደወለ ተማሪዎች ይሰለፋሉ። ተማሪዎች አልተሰለፉም። ስለዚህ ደወሉ አልተደወለም።
3. ዘሩ በጊዜው ከተዘራ ይበቅላል። ዘሩ በጊዜው አልተዘራም። ስለዚህ አይበቅልም።

ሐ. በአንድ ቤተ መጻሕፍት «መጽሐፍ ወደ ቤት የሚወስድ ሰው ከሆነ መታወቂያ ያስይዛል» የሚል ደንብ አለ። አንደኛው ሰው መጽሐፍ ይዞ ይወጣል፤ ሁለተኛው ባዶ እጁን ይወጣል፤ ሦስተኛው መታወቂያ አስይዟል፤ አራተኛው መታወቂያ አላስያዘም። ሦስተኛውና አራተኛው መጽሐፍ መያዛቸው አይታወቅም፤ አንደኛውና ሁለተኛውም መታወቂያ ማስያዛቸው አይታወቅም። ደንቡ መከበሩን ለማወቅ የግድ መጠየቅ ያለባቸው የትኞቹ ናቸው? ምክንያቱን ግለጹ።

መ. «ሀ አይደለም ወይም ለ» ለሚለው የእውነት ሰንጠረዥ ሠርታችሁ ከ«ሀ ከሆነ ለ» ሰንጠረዥ ጋር አነጻጽሩ። ምን ታያላችሁ?

ሠ. «ከ…» እና «ካል…» የሚሉት የገቡባቸውን ሦስት ማስታወቂያዎች ወይም መመሪያዎች ከአካባቢያችሁ ፈልጋችሁ ጻፉ፤ እያንዳንዱ የሚለውንና የማይለውን በአንድ አንቀጽ አብራሩ።